የፈርነስ ጭስ ማውጫ የውሃ ቧንቧ ነው

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጃንዋሪ ነበር፤ እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ሰሞን። "የኔ ልጅ፣ ቤቱ ቀዝቅዟል" አሉኝ እማማ። "ደግሞ ታች የገጠምክልኝ ነገር እንደ ጠላ ጋን ቡልቅ ቡልቅ ይላል።"

ፈርነሱን፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀውን የጋዝ ማሽን፣ ከሦስት ወር በፊት የገጠምኩት እኔ ነኝ። በፒጃማዬ ላይ ጃኬት ደርቤ ሄድኩ። ቤዝመንት ወርጄ ባትሪ ሳበራ ጥፋቴ ዓይኔ ላይ አፈጠጠ። ከፈርነሱ ወጥቶ ወደ ግድግዳ የሚሄደው ነጭ ቧንቧ መሃሉ ላይ ረግቧል። መዳፌን ከስሩ አድርጌ ሽቅብ ገፋሁት። ውሃው ሿ ብሎ ወደ ፈርነሱ ሲወርድ እጄ ላይ ተሰማኝ። ትንሽ ቆይቶ እሳቱ ተያያዘ። እኔ ግን እጄን ማውረድ አልቻልኩም። እማማ ሻይ ይዘው እስኪወርዱ ድረስ የቤት ምሰሶ ሆኜ ቆምኩ። በመጨረሻ የመጥረጊያ እንጨት አምጥተው ቧንቧውን ደገፍነው።

ጥፋቱ ምን ነበር? ሁለቱን ማሰሪያዎች በ7 ጫማ ርቀት ነበር ያሰርኳቸው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይረግባል። የረገበው ቦታ ውሃ ያቁራል። ውሃው የጭሱን መንገድ ይዘጋል። ፈርነሱ ውስጥ ያለችው የግፊት ማብሪያ ደግሞ ጭሱ እንዳልወጣ ስታውቅ እሳቱን ትከለክላለች። ማሽኑ በትክክል ሠርቷል፤ ያልሠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ይህን ቧንቧ ጭስ ማውጫ ብዬ አስቤው አላውቅም። ጭስም የሚያልፍበት የውሃ ቧንቧ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ውሃው ከየት መጣ?

ጋዝ ሲቃጠል ሙቀት ብቻ ሳይሆን እንፋሎትም ይሰጣል። ጥንት የሚገጠሙት ፈርነሶች እንፋሎቱን ከነሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሰዱት ነበር። አዲሶቹ፣ ከጋዙ ሙቀት 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ለቤቱ የሚሰጡት፣ ጭሱን ሁለተኛ ጊዜ ያቀዘቅዙታል። ያኔ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ ይዞት የነበረውንም ሙቀት ለቤቱ ይተዋል። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎውን ስታነሱ ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ የሚለውን አስቡት። እሱ ነው። ብርዱ ሲጠና አንድ ፈርነስ በቀን ብዙ ጋሎን ሊያወጣ ይችላል። ውሃው ንጹህ አይደለም፤ አሲድነት አለው፣ ብረትና ሲሚንቶ ቀስ በቀስ ይበላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፈርነሳችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ። 80 ከመቶ የሚባለው ጭሱ በጣም ሞቃት ነው፤ በፕላስቲክ አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በድርብ ብረት ቧንቧ ነው። ተራ ፒቪሲ፣ ነጩ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የተሠራው እስከ 140 ፋራናይት ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ የ80ው ጭስ ያቀልጠዋል። አንድ ወዳጄ "ፕላስቲኩ ይረክሳል፣ ለምን አይሆንም?" ብሎ ተከራክሮኛል። አይሆንም። የሚቀጥለው ምክሬ ለ90ዎቹ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ በቅድሚያ። አንደኛ፣ ፐርሚት፣ ማለትም የሥራ ፈቃድ፣ አውጡ። ፈርነስ መቀየር እዚህ ፐርሚት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ኢንስፔክተሩም ጠላት አይደለም። ሁለተኛ፣ የጋዝ መስመሩን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተዉት። ቧንቧውን ራሳችሁ ብትሠሩት እንኳን፣ ወይም ሌላ ሰው ሲሠራላችሁ ቆማችሁ ብታዩ፣ ምን ማየት እንዳለባችሁ ነው የምነግራችሁ።

ማኑዋሉን አትጣሉት

ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን ወፍራም መጽሐፍ አብዛኛው ሰው ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል። ውስጡ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ፈርነሱ ስንት ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) እንደሆነ፣ ቧንቧው ባለ 2 ወይስ ባለ 3 ኢንች እንደሆነ፣ እስከ ስንት ጫማ መርዘም እንደሚችል ይነግራችኋል። ኤልቦዎቹም፣ ቧንቧው የሚታጠፍባቸው መገጣጠሚያዎች፣ ይቆጠራሉ። በብዙ ማኑዋሎች አንድ ባለ 90 ዲግሪ ኤልቦ እንደ 5 ጫማ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይታሰባል። እንግዲህ 18 ጫማ ቀጥ ያለ ቧንቧና 4 ኤልቦ ካላችሁ፣ 18 ሲደመር 20፣ 38 ጫማ ማለት ነው። ሠንጠረዡ 35 ካለ ወይ መንገዱን አሳጥሩ፣ ወይ ባለ 3 ኢንች ግዙ። ኤልቦ ስትገዙም ዝግ ብሎ የሚታጠፈውን ረጅሙን ምረጡ፤ ድንገት የሚታጠፈው አጭሩ አየሩን ያንቀዋል።

ለእኛ ሰፈር ሌላ ጉዳይ አለ። ከፍታ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ሁሉም ሰው በከፍታው ይኮራል። እኛ አዲስ አበቤዎች እንስቃለን፤ ያደግነው ከዚህ በ700 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው። ፈርነሱ ግን አይስቅም። አየሩ ሲሳሳ እሳቱ የሚያገኘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ማኑዋሉ ለከፍታ የተለየ ዓምድ አለው፤ ቧንቧው ሊረዝም የሚችልበት ልክ እዚያ ይቀየራል። አንዳንዱ ሞዴል የጋዝ መርጫዋን ወይም የግፊት ማብሪያዋን መቀየር ይፈልጋል። ቴክሳስ ያለ ዘመዳችሁ "እኔ ቤት እንዲህ ነው የሠራሁት" ቢላችሁ አመስግናችሁ ዓምዱን ተመልከቱ።

የፒቪሲው ዓይነትም እዚያው ተጽፏል። ከመደርደሪያው ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነጭ ቧንቧዎች ታገኛላችሁ። የአንዱ ግድግዳ ድፍን ነው፤ የሌላው መሃሉ አረፋ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ይረክሳል። አረፋውን አንዳንድ አምራች ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። እኔ ድፍኑን፣ ስኬጁል 40 የሚባለውን ነው የምገዛው። የዋጋው ልዩነት የአንድ ክትፎ ያህል ነው።

ቧንቧው የሚለካው በውሃ ልክ ነው

ሥራውን የምጀምረው ከግድግዳው ነው እንጂ ከፈርነሱ አይደለም። ቧንቧው ወደ ፈርነሱ ማዘንበል አለበት፤ በየ1 ጫማው ሩብ ኢንች። ውሃው ተመልሶ ወደ ፈርነሱ ወርዶ በፍሳሹ ይውጣ ማለት ነው። ወደ ውጭ ካዘነበለ አፉ ላይ እየተንጠባጠበ ይረጋል፤ ጠዋት የምታዩት እንደ ክንድ የወፈረ የበረዶ ዘንግ ነው።

ከግድግዳው እስከ ፈርነሱ 16 ጫማ ከሆነ የግድግዳው ቀዳዳ ከፈርነሱ በኩል ካለው ጫፍ በ4 ኢንች ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሲባጎ እወጥራለሁ። ከዚያ ባለ 2 ጫማ ውሃ ልኬን አወጣለሁ። በአንደኛው ጫፍ ስር ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው እንጨት በቴፕ ለጥፌበታለሁ፤ ከዓመታት በፊት የለጠፍኩት ነው፣ ዛሬም አለ። እንጨት ያለበትን ጫፍ ወደ ፈርነሱ አዙሬ ቧንቧው ላይ አስቀምጠዋለሁ። የውሃ ልኩ ፊኛ መሃል ላይ ከቆመ መዝቀጡ ልክ ነው። በዓይን መገመት የለም። ቤዝመንት ውስጥ ያሉት የጣሪያ እንጨቶች ራሳቸው ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ከእነሱ ጋር ቀጥ ቢል ከውሃ ጋር ቀጥ አይልም።

ማሰሪያውን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከ4 ጫማ አላርቅም። ማኑዋሉ ያነሰ ካለ ያነሰውን እይዛለሁ። ኤልቦ ያለበት አካባቢ ተጨማሪ አንድ እጨምራለሁ። ሌላው ነገር አታጥብቁት። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። አንቃችሁ ካሰራችሁት ሌሊት ሌሊት ቀጭ ቀጭ እያለ ሰው አያስተኛም።

ግድግዳውን ለመብሳት ክብ መጋዝ በድሪል ላይ ይገጠማል። ባለ 2 ኢንች የሚባለው ቧንቧ ከውጭ ሲለካ 2 ኢንች ከ3/8 ነው። ባለ 2 ኢንች ተኩል መጋዝ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ ባለ 2 ኢንች መጋዝ ይገዛና ሱቅ ይመለሳል። እኔም ተመልሻለሁ። ከመብሳታችሁ በፊት ከግድግዳው ጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን እዩ።

አሁን ሙጫው። ሙጫ ከመንካቴ በፊት ሁሉንም በደረቁ እገጥማለሁ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በእርሳስ መስመር እሠራለሁ፣ የትኛው ወዴት እንደሚዞር እንዳይጠፋኝ። ከዚያ እነቅላለሁ። የተቆረጠውን ጫፍ ከውስጥም ከውጭም በቢላ እጠርጋለሁ። ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ ውሃ ይዞ ወርዶ ፍሳሹን ይደፍናል።

አንድ ነገር ከዚህ በፊት አድርጉ። የውሃ ማሞቂያችሁን እሳት አጥፉ። የፕራይመሩና (ከሙጫው በፊት የሚቀባው ፈሳሽ ነው) የሙጫው ሽታ በእሳት ይያያዛል፤ ብዙ ቤት ደግሞ ማሞቂያው ከፈርነሱ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። መስኮትም ክፈቱ።

ሐምራዊውን ፕራይመር በሁለቱም በኩል ቀቡ። ወዲያው ሙጫ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ሩብ ዙር አዙሩት፤ የእርሳስ መስመሮቹ ይገናኙ። ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ያዙት። ይህችን አትዝለሉ፤ ሙጫው ቧንቧውን መልሶ ይገፋዋል። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ሐምራዊው ጠብታ ከኮንክሪት አይለቅም። የእማማ ወለል ላይ ዛሬም የእኔ ፊርማ አለ።

ውጭ ሲወጣ

ሁለት ቧንቧ ነው የሚወጣው። አንዱ ጭሱን ይተነፍሳል፣ ሌላው ለእሳቱ አየር ይስባል። ሁለቱም በአንድ ግድግዳ በኩል ይውጡ። አንዱን በሰሜን ሌላውን በምዕራብ ካወጣችሁ ነፋስ በአንዱ በኩል ሲገፋ ፈርነሱ ይምታታል።

አየር የሚስበው አፉ ወደ መሬት ይዞራል፣ ዝናብና በረዶ እንዳይገባ። ጭሱ ከእሱ ራቅ ብሎ ወደ ውጭ ይተፋል። ርቀቱን ማኑዋሉ በሥዕል ያሳያል፤ በግምት አትሥሩት። ሁለቱ ከተቀራረቡ ፈርነሱ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። እሳቱ ይደክማል፣ ውስጡ ይበላሻል፣ አየር ማስገቢያውም በረዶ ይሠራል።

ቁመቱ ከመሬት ቢያንስ 12 ኢንች ይሁን። ግን "መሬት" ሲባል በረዶ ካለበት ቦታ የበረዶው ላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 ዴንቨር ላይ ከ30 ኢንች በላይ በረዶ ወርዷል። ነፋስ ደግሞ ያከማቸዋል። ብዙ ቤት ቧንቧው የሚወጣበት እንጨት ከመሬት 8 ኢንች ብቻ ነው። ያኔ ከውጭ በሁለት ኤልቦ ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ኤልቦዎቹን ርዝመቱ ውስጥ ቁጠሩ። መሬቱ ላይ ያለውን የበረዶ ክምርም ልጆቹ ሲጠርጉ ወደ ቧንቧው አይወርውሩት። እውነቴን ነው፣ ሁለት ጊዜ የተጠራሁት ለዚህ ነው።

ከመስኮትና ከበር የሚርቅበት ልክ አለ፣ እሱም ማኑዋሉ ላይ ነው። ከጋዝ ቆጣሪው እኔ ከ3 ጫማ አላንስም። የሰው መተላለፊያ ላይ አታውጡት፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ይረጋና ፖስታ የሚያመጣውን ሰው ያንሸራትታል። ጎረቤትም አስቡ። እንፋሎቱ የሰው መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ ቢተነፍስ ሰላምታው ይቀዘቅዛል።

አየሩን ከቤዝመንት ለሚወስድ

አንዳንድ ፈርነስ በአንድ ቧንቧ ብቻ ይገጠማል። ጭሱ ይወጣል፤ የሚያቃጥለውን አየር ግን ከቤዝመንቱ ይወስዳል። ይፈቀዳል። እኔ ግን አልወደውም፣ ምክንያቱም የእኛን ቤዝመንት አውቀዋለሁ። በረኪና፣ የልብስ ሳሙና፣ ቀለም፣ ሁሉም ከፈርነሱ አጠገብ ነው። የበረኪና ክሎሪን ወደ እሳቱ ሲገባ የፈርነሱን ብረት ይበላል። ሁለተኛ ወጥ ቤት ታች አለ፤ ትልቅ ማራገቢያ ተገጥሞለታል፣ በዓል ሲደርስ ዶሮ ሲሠራ አየሩን ሁሉ ይስባል። ልብስ ማድረቂያውም ይስባል። ፈርነሱ ምን ይተነፍሳል?

ያለው ሒሳብ ይህ ነው። ለየ1,000 ቢቲዩ 50 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ። 80,000 ቢቲዩ ፈርነስና 40,000 ቢቲዩ የውሃ ማሞቂያ ካላችሁ 120,000 ነው፤ 6,000 ኪዩቢክ ጫማ ያስፈልጋል። 25 በ30 ጫማ የሆነ ቤዝመንት ጣሪያው 8 ጫማ ከሆነ ልክ 6,000 ነው። ጥሩ። ከዚያ ዘመድ ሊመጣ ነው ተብሎ መኝታ ክፍል ተሠራ፣ ፈርነሱ ቁም ሳጥን በሚያህል ክፍል ውስጥ ተዘጋበት። ሒሳቡ ፈረሰ። መፍትሔው ሁለት ቀዳዳ ወደ ሰፊው ቦታ መክፈት ነው፤ አንዱ ከጣሪያው 12 ኢንች ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ 12 ኢንች ውስጥ። እያንዳንዱ ለየ1,000 ቢቲዩ 1 ስኩዌር ኢንች፣ ከ100 ስኩዌር ኢንችም እንዳያንስ። ፍርግርግ ካደረጋችሁበት ብረቱ ራሱ ቦታ ይይዛልና ሰፋ አድርጉት። ወደ መኝታ ክፍሉ ግን አትክፈቱ።

ወይም ሁለተኛውን ቧንቧ ወደ ውጭ አውጡና ተገላገሉ። ግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከመሄዴ በፊት

ፍሳሹ ላይ ያለችውን ትንሽ ወጥመድ፣ ውሃ ይዛ ጭሱን የምታግደውን፣ በውሃ እሞላታለሁ። ባዶ ከተተወች ጭስ በእሷ በኩል ወደ ቤት ይገባል። ከዚያ ሙጫው በማኑዋሉ መሠረት እስኪደርቅና ሽታው እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጉና ቁሙ፣ ስሙ። መጀመሪያ ትንሿ ማራገቢያ ትነሳለች። ከዚያ ማቀጣጠያው እንደ ፍም ይቀላል። እሳቱ ፉ ብሎ ይያያዛል። ትንሽ ቆይቶ ትልቁ ማራገቢያ አየሩን ይገፋል። የጭሱ ቧንቧ በግፊት ስለሚሠራ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ እቀባለሁ፤ አረፋ ከነፋ ያፈስሳል። ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ይሥራ። ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ካለ ቧንቧው ረግቧል፣ ውሃ ልካችሁን አምጡ።

አሁን ሁሉም ሰው የሚረሳው። አሮጌው ፈርነስና የውሃ ማሞቂያው በአንድ የጡብ ጭስ ማውጫ ይጠቀሙ ነበር። አዲሱ ፈርነስ በፕላስቲክ በጎን ወጣ። ማሞቂያው ያንን ሰፊ ጭስ ማውጫ ብቻውን ወረሰ። ትንሽ ሙቀቱ ያን ያህል ጡብ ማሞቅ አይችልም። ጭሱ መሃል መንገድ ቀዝቅዞ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ያ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖር ይችላል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ብርድ ሲመጣ ከሰል ቤት ውስጥ አሳድረው የታፈኑ ሰዎች ወሬ ያልሰማ የለም። እሱው ነው፣ ከሰሉ ብቻ የለም። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ጭስ ማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ የብረት ቧንቧ ማስገባት ነው።

የምፈትሸው በሰንደል ነው። በርና መስኮት ሁሉ ይዘጋል። የወጥ ቤቱ ማራገቢያ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ፣ ልብስ ማድረቂያው፣ ሁሉም ይከፈታል። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍቼ ማሞቂያው እንዲነድ አደርጋለሁ። አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ ከማሞቂያው አናት ላይ፣ ጭሱ ወደ ቧንቧው ከሚገባበት ክፍት ጠርዝ አጠገብ፣ የሚጨስ ሰንደል እይዛለሁ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ፊቴ ከመጣ ማሞቂያውን አጥፍቼ ሰውን አስወጣለሁ፣ ቤቱን አናፍሳለሁ። እስኪስተካከል ድረስም አይበራም።

እማማ ቤት ይህን ሳደርግ ከላይ ሆነው "አሁን ማን ሞተ? ምን ያጨስብናል?" ሲሉ ሰማኋቸው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ቧንቧው ገባ። ከዚያ ለመኝታ ቤታቸው በር የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ገጠምኩ። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከመኝታ ክፍል በር በ15 ጫማ ውስጥ እንዲኖር የሚያዝ ሕግ አላት። ቁልፉን ስጫን ጮኸ፤ እማማ ደንግጠው አማተቡ። የመጥረጊያ እንጨታቸውን መልሼ ሰጠኋቸው።